70 ተማሪ ላለበት ክፍል የሚሆን የመክፈቻና የመዝጊያ ተግባር

ሰባተኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 70 ተማሪዎች አሉ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ያለኝ ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆንም፣ ስም ጠርቶ ሲጨረስ ምን እንደሚተርፍ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ትምህርቱን በጥያቄ ስከፍት፣ ለምሳሌ «ጨው የሟሟበት ውሃ ድብልቅ ነው ወይስ ውህድ?» ስል፣ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ የፊት ወንበር ልጆች ናቸው። ሁሉም እንዲሳተፍ ብዬ ለድብልቅ አንድ፣ ለውህድ ሁለት ጣት አሳዩ አልኩ፤ የጎበዙን ተማሪ እጅ አይተው ክፍሉ በሙሉ አንድ ጣት አነሳ። ዐይን ሳስጨፍናቸው ደግሞ ሳቁ አላባራ ብሎ የጎረቤት ክፍል መምህርት በሩን አንኳኩ። ለመዝጊያ የተማሩትን በቁራጭ ወረቀት አስጽፌ ነበር። ከሁሉም የተሻለው እርሱ ነው፤ ግን ይህን ሁሉ ወረቀት በየዕለቱ ማንበብ አልተቻለም፣ ደብተር መቀደዱንም ወላጆች አልወደዱትም። የቡድን ውይይት የቡድን መሪውን ብቻ ነው የሚያናግረው።

ወረቀት የማይፈልግ፣ ከመቀመጫ ሳይነሱ በአራት ደቂቃ የሚያልቅ፣ የኋላ ወንበር ተማሪዎች ምን እንደገባቸው የሚያሳይ ምን ዓይነት የመክፈቻ ወይም የመዝጊያ ተግባር ሠርቶላችኋል?