ማንም አልተጎዳም፣ እኔ ግን መሪ መያዝ አቃተኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ከኋላ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። ኩርባ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሌላውን ሊቀድም ደርቦ በእኔ መስመር መጣ። መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝኩት። መኪናዬ ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ቆመ። እሱ ክላክሱን እንደነፋ አለፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ጭረት እንኳን የለም።

ቤት ስገባ ደህና ነበርኩ። እራት ሠራሁ፣ ልጄን አስተኛኋት። ከዚያ ሳህን እያጠብኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቆመው ብል እምቢ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ያንን ክላክስ እየሰማሁ እባንናለሁ። ቀን ደግሞ መኪናውን ሳየው ብቻ መዳፌን ያልበኛል። ሁለት ጊዜ ልነዳ ሞክሬ ከግቢ ሳልወጣ ሞተሩን አጠፋሁት። አሁን የሚያደርሰኝ ባለቤቴ ነው። እሱ ሲነዳም እግሬ የጋቢናውን ወለል ይረግጣል፣ ፍሬን ያለ ይመስል። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ።

ለሰው ስናገር «ተርፈሽ የለ እንዴ? ተመስገን በይ» ይሉኛል። ተመስገን ብያለሁ! ግን እጄ አልሰማም። እውነቱን ለመናገር አፍራለሁ። መኪናው ተገልብጦበት በወሩ የሚነዳ ሰው አለ፤ እኔ ምንም ሳልሆን እንዲህ መሆኔ ምን ይባላል? እንዴትስ ነው ወደ መንዳት የምመለሰው? ልጄ ደግሞ በአሻንጉሊት መኪናዎቿ ደጋግማ ግጭት ትጫወታለች። ላስቆማት?

አንድ ነገር ረስቼ፦ በ60 ነበር የምሄደው። በ50 ብሄድ ኖሮ? ቀደም ብዬ ፍሬን ብይዝ ኖሮ? ይሄ ሐሳብ አይለቀኝም።

መልስ፦ አሮጌው ሹፌር

ልጄ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እኔ ሥነ ልቦና አላውቅም፤ መንገድ ግን አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፣ ከዚያም ሌላውን አስተምሬያለሁ።

አንቺ በ60፣ እሱም በ60 ፊት ለፊት ስትመጡ በሰከንድ 33 ሜትር ያህል ትቀራረባላችሁ። ኩርባው 100 ሜትር ያህል አሳይቶሽ ቢሆን እንኳን የነበረሽ ሦስት ሰከንድ ነው። ሰው ያልጠበቀውን ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ግማሹ ገና ምን እንደሆነ ሳይገባሽ አልቋል። በቀረው ሰከንድ ተኩል መሪሽን ይዘሽ ወጣሽ። በ50 ብትሄጂ ኖሮ የምታተርፊው ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ፍሬን ብቻ ይዘሽ ቢሆን ደግሞ የምትቆሚው እዚያው እሱ በሚመጣበት መስመር ላይ ነበር። ፍጥነት ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም፣ ያመጣል። ግን ያን ቀን ያጠፋው ደርቦ የመጣው ነው። አንቺ ዛሬ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽ የምታዪውን፣ ያኔ መሪ ላይ ያለችው አንቺ አላየችውም። ለምን አላየሽም ብለሽ አትፍረጂባት።

ወደ መንዳቱ ስመጣ፣ ዛሬውኑ ውጪ። እኛ በማግስቱ ነበር መሪ የምንይዘው። ያደረ ፍርሃት ይደድራል።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ጋሼ፣ ስሌቱን ወድጄዋለሁ፤ ለታካሚዎቼም እነግራቸዋለሁ። «ዛሬውኑ ውጪ» ላይ ግን አልስማማም። ሌሊቱን ስትባንን ያደረች ሴት በማግስቱ መንገድ ላይ ብትወጣ ለራሷም ለሌላውም አደጋ ናት። መመለስ አለባት፣ ልክ ነዎት። አመላለሷ ግን ይለያል።

እህቴ፣ ያ ሳህን ላይ የጀመረሽ መንቀጥቀጥ እብደት አይደለም። አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሕመምና ስሜት ለጊዜው ይደበዝዛል። እራት የሠራሽው በዚያ ጉልበት ነው። ነገሩ ማለፉን ሰውነትሽ ያመነው ሳህኑ ላይ ነው። ደግሞ አንጎል ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደወል የሆነችው ክፍል፣ አሚግዳላ፣ ብረቱ ተጣምሟል አልተጣመመም ብላ አትጠይቅም። ለእሷ አንቺና ልጅሽ ልትሞቱ ነበር። ስለዚህ «ምንም ሳልሆን» የሚለውን ተይው።

መባነን፣ መደንገጥ፣ መቆጣት፣ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማየት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ያለ ሕክምና እየቀነሰ ይሄዳል። የእኔ ጥያቄ እየቀነሰ ነው ወይስ እየባሰ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ላጣራ፦ ጭንቅላትሽን ወይም አንገትሽን መትቶሻል? እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ የእጅ መደንዘዝ ካለ ጭንቀት ነው ብለሽ አትለፊው። ሐኪም ይይሽ። ኃይለኛ መወናጨፍ ብቻውን አንገትንም አንጎልንም ሊጎዳ ይችላል።

መልስ፦ እኔም አለሁ

እኔን ያዳነኝ የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ባይኖር ማታ አንድ ሁለት ብርጭቆ። ቀልድ አይደለም፣ ጥፍት ብዬ ነበር የምተኛው።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ፤ ግን ይህን ለሌላ ሰው አትምከር። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ግን ይቆራርጠዋል። ቅዠት ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒኖቹን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለአዋቂዎች ቤንዞዲያዘፒን የሚባለው የማረጋጊያ ኪኒን ዓይነት እንዳይሰጥ ይላል። ሱስ ያስይዛሉ፣ ለመንዳትም ያደነዝዛሉ። ሐኪም አይቶሽ ሌላ ነገር ካዘዘልሽ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

መልስ፦ የጋቢና ተሳፋሪ

ወለል መርገጡ ላይ ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ፤ እኔም ሁለት ወር ረግጫለሁ። ባለቤቴ ሲነዳ እጄ የበሩን መያዣ አይለቅም ነበር። እሱ የናቅኩት ይመስለውና ይቆጣል፣ እኔ እጮኻለሁ፣ መንገዱ በሙሉ ጭቅጭቅ። በኋላ ቤት ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ መኪና ውስጥ አይደለም። ከፊታችን ካለው መኪና ራቅ ብሎ እንዲነዳ ተስማማን። እኔ «ቀስ» ካልኩ ለምን ሳይል ቀስ ይላል። እኔ ደግሞ «ተጠንቀቅ!» ብዬ መጮህ ተውኩ። ባልሽን እንዲህ አድርገሽ ያዢው፣ የሚያነብ ከሆነ አስነብቢው።

መልስ፦ ከኩርባው የተመለስኩት

እህት ዓለም፣ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። የእኔ ግጭት ነበር፤ ከኋላ መቱኝ። ስምንት ወር አልነዳሁም። በየቀኑ «ዛሬ ይቅር» እላለሁ፣ ወዲያው እፎይ ይለኛል። ያ እፎይታ ነው የበላኝ። በቀረሁ ቁጥር አእምሮዬ «አየህ፣ ስለቀረህ ነው የተረፍከው» ይለኛል። በመጨረሻ መኪናው የቆመበትን ሰፈር ራሱ መፍራት ጀመርኩ።

የመለሰኝ አንድ ወረቀት ነው። ከታች በጣም ቀላሉን ጻፍኩ፣ ከላይ በጣም የሚያስፈራኝን። ከታች ያለው ምን መሰለሽ? የቆመ መኪና ውስጥ፣ ቁልፉ ቤት ቀርቶ፣ አሥር ደቂቃ መቀመጥ። ሳቂብኝ! ሹፌር ነኝ እያልኩ የቆመ መኪና ውስጥ ላብ በላብ ሆንኩ። ግን አልወጣሁም። ፍርሃቱን ከአሥር ስንት ነው እያልኩ ቁጥር እሰጠው ነበር። ስገባ ሰባት፣ ከደቂቃዎች በኋላ ስድስት፣ ከዚያ አራት። ዋናው ሚስጥር እሱ ነው፤ ሰባት ላይ ሆነሽ አትውረጂ። ሰባት ላይ ከወረድሽ ያዳነሽ መውረዱ ይመስልሻል። እስኪቀንስ ቆይተሽ ውረጂ።

ያንኑ በማግስቱ ደገምኩት፣ በሦስተኛው ቀን ሰለቸኝ። ሲሰለችሽ ነው ወደሚቀጥለው የምታልፊው። ከዚያ ሞተር አስነስቶ መቀመጥ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ። ከዚያ እሑድ ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ፣ ወንድሜ ከጎኔ ሆኖ። ከዚያ ያው መንገድ ብቻዬን። አደጋው የደረሰበት ቦታ መጨረሻ ላይ ነበር፤ መጀመሪያ በእግሬ ሄጄ አየሁት። ጠበብ ያለ ተራ መንገድ ነው! በሐሳቤ ገደል አክሎ ነበር።

ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። መንዳት ከጀመርኩ በኋላም ስፖኪዮውን በየሁለት ሰከንዱ አያለሁ፣ መሪውን እጄ እስኪነጣ እጨብጣለሁ፣ ወንድሜ ከሌለ አልወጣም። እነዚህ ፍርሃቱ ተደብቆ የሚኖርባቸው ጓዳዎች ናቸው። እነሱንም አንድ በአንድ ተያቸው። ጥንቃቄን አትተዪ፤ እሱ ሌላ ነው።

እየነዳሽ ፍርሃቱ ድንገት ከመጣ መንገድ መሐል አትቁሚ። ፍሬቻ አሳይተሽ ደህና ቦታ ውጪ፣ ሀዛርድ አብሪ። ከዚያ ትንፋሽሽን ስታስወጪ ከምታስገቢው አርዝሚው፤ እስከ አራት ቆጥረሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት ቆጥረሽ አስወጪ። የምታዪያቸውን አምስት ነገሮች ጥሪ፦ ምሰሶ፣ ዛፍ፣ የራስሽ ጣት፣ ምንም ይሁን። የዛሬ መንገድ ላይ እንጂ ያን ቀን ላይ እንዳልሆንሽ ዓይንሽ ራሱ ይነግርሻል።

መልስ፦ አሮጌው ሹፌር

ነርሷ ልክ ናት፣ ቃሌን አንስቻለሁ። ደግሞ ላልዋሽ፦ እኔም በወጣትነቴ አንድ ድልድይ ላይ ለጥቂት ከተረፍኩ በኋላ ዓመት ሙሉ በሌላ መንገድ ዞሬ ነበር የምሄደው። ለባልደረቦቼ «እዚያ መንገዱ ተበላሽቷል» እላቸው ነበር።

መልስ፦ የሕፃናት መምህርት

የልጅሽን ጨዋታ አታስቁሚ። ልጆች ያስፈራቸውን ነገር በቃል ከመናገር ይልቅ ይጫወቱታል። አጠገቧ ተቀመጪና ተከተያት። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነና መጫወቱ እያስጨነቃት ከሄደ፣ «አሁን መኪናው የት ይሂድ?» ብለሽ መውጫ አሳዪያት። የሆነውንም በአጭሩ ንገሪያት፦ አንድ መኪና ተሳስቶ በእኛ መንገድ መጣ፣ እማዬ ዳር ያዘች፣ ደህና ነን። ካልነገርሻት ራሷ ትሞላዋለች፤ ልጆች ደግሞ ጥፋቱን ለራሳቸው ነው የሚሰጡት፣ «ስላወራሁ ነው» ይላሉ። አልጋ ማርጠብ ከጀመረች፣ ካንቺ አልለይም ካለች ወይም መኪና አልገባም ብላ ሳምንታት ከዘለቀ ባለሙያ ይያት።

መልስ፦ የምክር አገልግሎት ባለሙያ

ብዙው ተብሏል፤ የጎደለውን ልጨምር። አንድ ወር መስመር ነው። ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ትዝታው ከገባብሽ፣ ከሸሸሽ፣ ሁሌም ነቅተሽ ከጠበቅሽ፣ ሥራና ቤት ከተበላሸ፣ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም መሆን አለመሆኑን ማስመርመር ተገቢ ነው። ይህ ስም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከጦርነት በተመለሱ ወታደሮች ላይ ነበር። መንገድም ያመጣዋል። የሚታከምም ነው። አደጋው ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና፣ ሲቢቲ የሚሉት፣ እንዲሁም ኢኤምዲአር የተባለው ትዝታውን እያነሱ ዓይንን ግራ ቀኝ የሚያስኬዱበት ሕክምና ጥሩ ማስረጃ አላቸው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ወር አይጠበቅም፤ ያኑ ቀን ነው።

ሰዎች «ሁሉንም ንገሪን፣ ይውጣልሽ» ሲሉሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ዝርዝሩን ማናዘዝ እንደማይረዳ ታይቷል። ስትፈልጊ፣ ለምታምኚው ሰው፣ በፈለግሽው ልክ ተናገሪ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ የሚገርም ነገር፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት ነበር። 71 የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ላይ ነው የተሠራው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ አደጋውን ለአፍታ አስታውሰው ቴትሪስ የተባለውን ቅርጽ የመደርደር የቪዲዮ ጨዋታ የተጫወቱት፣ በቀጣዩ ሳምንት ድንገት ብልጭ የሚለው ትዝታ ቀነሰላቸው። ላንቺ ሰዓቱ አልፏል፣ ቴትሪሱ ግን አይጎዳሽም።

ሰላም ፈላጊ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ሩብ ሰከንዷን ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኳት። ድልድዩንም ለባለቤቴ ነገርኩት፣ በጣም ሳቀ።

አንገቴን ታየሁ፣ ደህና ነው። መባነኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆኗል። ወሩ ስላለፈ ለሐሙስ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። ባለቤቴ አሁን «ቀስ» ስለው ቀስ ይላል፤ አንዳንዴ ሳልለውም።

ልጄን ጠየቅኋት። «ዘፈን ክፈቺልኝ ብዬ ስለጮህኩ ነው አይደል?» አለችኝ። መምህርት፣ ያንቺን መልስ ባላነብ ኖሮ አልጠይቃትም ነበር።

ወረቀቴ ላይ ሰባት ተራ አለ። ትናንት አራተኛውን ጨረስኩ፤ ባዶ መንገድ ላይ ሃያ ደቂቃ ብቻዬን። ስጀምር ስምንት ነበር፣ ሳቆም ሦስት። ኩርባው ሰባተኛው ላይ ነው።