በደሴ ፎቅ ቤት ውስጥ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ የዓሣ ገንዳ ለማስቀመጥ ወለሉ ምን ድጋፍ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ቤቴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተሠራ ጂ+1 ነው። በፎቁ ሳሎን ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ ለማኖር አስቤአለሁ። ውኃው ብቻ 1,350 ኪሎ ግራም ነው፤ ባለ 19 ሚሊ ሜትሩ መስታወት ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አሸዋው፣ ድንጋዩና የብረት መቆሚያው ሲጨመሩ ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ወለሉ ባለ ብሎኬት ሪብድ ስላብ ነው፤ ማለትም ሪብ በሚባሉ ቀጫጭን የኮንክሪት አግዳሚዎች መካከል ብሎኬት የተደረደረበት ነው። ከሥር ምሰሶ ላቁምለት?

ምላሽ (ከኮምቦልቻ)፦
የመኖሪያ ቤት ወለል የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ የአገልግሎት ጭነት (የሰውና የዕቃ ክብደት) ታስቦ ሲሆን፣ የእርስዎ ገንዳ በ1.8 ካሬ ሜትር ላይ ስለሚያርፍ በካሬ ሜትር ከ1,000 ኪሎ ያልፋል። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም 20 ካሬ ሜትር የሆነ ሳሎን በድምሩ 4 ቶን ታስቦለታልና፣ ዋናው ጉዳይ ክብደቱ በየትኞቹ ሪቦች አልፎ ወደ የትኛው ቢም (ሪቦቹን የሚሸከም ዋና አግዳሚ) እንደሚወርድ ነው። ገንዳው ከሪቦቹ ጋር ትይዩ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ሪብ ብቻ ይሸከመዋል፤ ሪቦቹን አቋርጦ፣ እነርሱ በሚያርፉበት ቢም ጥግ ከተቀመጠ ግን አራት አምስቱ ይካፈሉታል፣ ጉብጠቱም ይቀንሳል።

ውኃ ደግሞ እንደ ሠርግ እንግዳ በማግሥቱ የሚበተን ጭነት አይደለም። ኮንክሪት በማይነሣ ጭነት ሥር ለዓመታት ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ቤቱን የማይጎዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር የገንዳውን የሲሊኮን መጋጠሚያ ሊያላቅቅ ይችላል። ምሰሶውን በተመለከተ ግን አይቸኩሉ፤ በሪቡ መካከል ዋናው ብረት ያለው ከታች ስለሆነ፣ በዚያ ቦታ ከሥር የሚቆም ምሰሶ ስላቡን ከላይ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የራሱ መሠረት ከሌለውም ጭነቱን ወደ ምድር ቤቱ ወለል ከማዛወር በቀር ፋይዳ የለውም። የስትራክቸር ፕላኑን ለመሐንዲስ ያሳዩ፤ ፕላኑን ሳያይ «ይችላል» የሚልዎትን ሰው አይመኑ።

ምላሽ (ከደሴ)፦
በእኔ አስተያየት ምድር ቤት ይሻላል። ነገር ግን በተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት ብዙውን ጊዜ ግማሹ በተቆረጠ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት አፈር ላይ ስለሚያርፍ፣ ገንዳውን በተቆረጠው በኩል ያድርጉት፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት በአንድ ጎን ይሰምጣል። ከሥር ያለው ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ስለሚኖር፣ ወለሉ ተቆርጦ ለብቻው መሠረት ይውጣለት።

ምላሽ (ከኮምቦልቻ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። አካባቢያችን በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና መጀቴን የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለዚህ መቆሚያው በሰያፍ ብረት የተበየደና ከኮለን (ከቤቱ የኮንክሪት ዓምድ) ጋር የታሰረ፣ ውኃውም ከገንዳው አፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን። መቆሚያው በስድስት እግር ከሚያርፍ ይልቅ ከሥሩ ወጥ የብረት ፍሬም ይኑረው፤ በውኃ ልክም ባዶውን፣ ሲሦው ሲሞላና ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ደጋግመው ይለኩት።