ኦፕራሲዮን ላይ የልብ ምቴ 38 ገብቶ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሌላ ኦፕራሲዮን ተባልኩ

የመንታ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ከ2 ዓመት በፊት መንታ ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ማደንዘዣውን ወገቤ ላይ ወጉኝና አስተኙኝ። እግሬን ሞቅ አለኝ፣ ከዚያ እግር ያለኝም አልመስለኝ አለ። እስከዚህ ደህና ነበርኩ። አምስት ደቂቃ እንኳን የሞላ አይመስለኝም፣ ድንገት አቅለሸለሸኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ የሰዉ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። አጠገቤ ያለው ሞኒተር ጢጥ ጢጥ ሲል የነበረው ዘገየ። ቀና ብዬ ሳየው 38 ይላል። አንዱ ባለሙያ ተሯሩጦ በግሉኮሱ መስመር መርፌ ሰጠኝ፣ ሌላዋ ወገቤን በሆነ ነገር ደግፋ ወደ ግራ አዘነበለችኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ልቤ እንደ ፈረስ መጋለብ ጀመረ፣ አፌ ከመድረቁ የተነሳ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ልጆቹ ወጡ፣ አለቀሱ፣ ሁሉም ነገር ተረሳ።

ምን ሆኜ እንደነበር የነገረኝ የለም። ስጠይቅ «ያጋጥማል፣ አሁን ደህና ነሽ» ብቻ።

አሁን የሐሞት ጠጠር አለብሽ ተብዬ በካሜራ ይሠራ፣ በሙሉ ማደንዘዣ ተብሏል። ታላቅ እህቴ «አንቺን ማደንዘዣ አይስማማሽም፣ ልብሽ ይቆማል» ብላ ቤቱን አሸብራዋለች። እውነት የልብ በሽታ ይኖርብኝ ይሆን? ከዚያ ወዲህ ምንም ሆኜ አላውቅም። 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ አንዱን ልጅ አዝዬ አንዱን አቅፌ እወጣለሁ።

የቀበናው

አይዞሽ እህቴ። እኔ ለሄርኒያ ልገባ ስል ልቤ እየደለቀ አላስቀምጥ ቢለኝ የባለቤቴን ኢንደራል ግማሹን ዋጥኩና ፀጥ አለልኝ። ጠዋት ላይ ሞክሪው፣ ምንም አይልም።

ሰመመን ሰጪው

የቀበናው፣ ወንድሜ፣ በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል ግን ይሄን ባትመክር ይሻላል። ኢንደራል ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት ነው። እሷ ደግሞ የተቸገረችው ልቧ ዘግይቶ ነው! ሳትነግረን ክኒኑን ውጣ ብትገባ እኛ ከምንሰጠው ጋር ተደምሮ ምን እንደሚፈጠር አስበው።

እህቴ፣ 11 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ፋይልሽን ሳላይ እንዲህ ነው ብዬ አልፈርምም፣ ግን የነገርሽን ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ወገብ ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ለወሊድ ኦፕራሲዮን እስከ ጡት ጫፍ ድረስ እንዲያደነዝዝ እንፈልጋለን፣ ያለዚያ ያማል። ችግሩ ልብን የሚያፋጥኑት ነርቮች ከአከርካሪ የሚወጡት እዚያው አካባቢ ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው የደረት ነርቭ። ማደንዘዣው እነሱ ላይ ሲደርስ ነዳጁ ይቋረጥና ፍሬኑ ብቻ ይቀራል። ፍሬኑ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፣ ከጭንቅላት ስለሚመጣ ወገብ ላይ ያለው መድኃኒት አይነካውም። በዚያ ላይ የደም ሥሮችሽ ይላላሉ፣ ደም እግርሽ ውስጥ ይቀራል፣ በጀርባሽ ስትተኚ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል (አንቺ ደግሞ መንታ!)፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል። ባዶውን የሚመታ ልብ አንዳንዴ ከመፍጠን ይልቅ ይዘገያል። ወደ ግራ ያዘነበለችሽ ልጅ ሥራዋን የምታውቅ ናት፣ እግዜር ይስጣት።

አፍሽን ያደረቀው፣ ልብሽንም ያስጋለበው አትሮፒን ይመስለኛል። ፍሬኑን የሚለቅ መድኃኒት ነው። እና ይሄ አለርጂም አይደለም፣ ለብቻው የልብ በሽታ አለ ማለትም አይደለም። ሁለት ልጅ ይዞ አራት ፎቅ መውጣት ደግሞ ከብዙ ምርመራ በላይ ይነግረናል።

ግን ልጠይቅሽ። ያኔ የእጅ ጣቶችሽን ነዝሮሽ ነበር? መተንፈስ ከብዶሽ ነበር? ከዚያ በፊትስ ራስሽን ስተሽ ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ዝም ብዬ አይደለም የምጠይቀው። በዘር የሚመጡ የልብ ምት ችግሮች አሉ፣ እነሱ ካሉ የምንመርጠው መድኃኒት ይለያል።

የናሆም አባት

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ልጄ በ5 ዓመቱ ሸውራራ ዓይኑን ሲሠራ ያጋጠመውን ልንገራችሁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ የማደንዘዣ ባለሙያዋ ጠርታኝ «ልቡ ከ110 ወደ 55 ወርዶ ነበር፣ ሐኪሙ ጡንቻውን ሲለቀው ወዲያው ተመለሰ» አለችኝ። እኔ ክው። ዓይንና ልብን ምን አገናኛቸው? የዓይን ጡንቻ ሲጎተት መልእክቱ የፊትን ስሜት በሚወስደው ነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ አንጎል በዚያው በቬገስ በኩል ልብን «ቀስ በል» ይለዋል አለችኝ። ከ1908 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ልጆች ላይ ደግሞ ይበረታል። እና መጀመሪያ የሚደረገው መድኃኒት መስጠት አይደለም፣ ለሐኪሙ «እጅህን አንሳ» ማለት ነው።

ደስ ያለኝ ሳልጠይቃት ጠርታ መንገሯ ነው። ያንቺዎቹ ይሄን ቢያደርጉ ኖሮ ሁለት ዓመት ባልተጨነቅሽ።

ወሎዬው

እናቴ እንቅርት ልትሠራ ገብታ ጠዋት ላይ፣ ልብሷን ሁሉ ቀይራ፣ የልብ ምትሽ 130 ነው፣ ደግሞም የተዘበራረቀ ነው ብለው መለሷት። ከገጠር ይዣት መጥቼ! የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ለካ እንቅርቱ ሆርሞን እያበዛ ልቧን አዛብቶት ኖሯል። በዚያ ሁኔታ ብትገባ ሆርሞኑ ኦፕራሲዮኑ ላይ ወይ ከዚያ በኋላ ገንፍሎ ሊገድላት ይችል እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ወደ ሦስት ወር ገደማ መድኃኒት ወሰደች፣ ረጋች፣ ተሠራች፣ አሁን እንጀራ ትጋግራለች። ሐኪሙን ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ ተዛውሯል።

ነርሷ ከሜሪላንድ

እዚህ ሪከቨሪ ክፍል፣ ታካሚ ከኦፕራሲዮን ወጥቶ የሚነቃበት ቦታ ነው የምሠራው፣ እና ሰው የሚረሳው ነገር የልብ ምት የሚዛባው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ልባቸውን በተሠሩ ሰዎች ላይ የተዘበራረቀው ምት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ነው። ሌላውም ሕመሙን ችሎ ዝም ሲል፣ ሲያተኩሰው፣ ፖታሲየሙ ሲወርድ፣ ልቡ ይናገርበታል። የኛ ሰው ደግሞ «አሞሃል?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ነው መልሱ፣ ሞኒተሩ 125 እያለ!

ስለ ኢንደራሉ ልጨምር። ቀድሞውኑ እንደ ኢንደራል ልብን የሚያዘገዩትን አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስድ ሰው ለኦፕራሲዮን ብሎ በራሱ ማቆም የለበትም፣ ድንገት ሲቋረጥ ልብ ይሸፍታል። የማይወስድ ሰው ደግሞ በዕለቱ አይጀምርም። በ2008 የወጣ ከ8 ሺህ በላይ ታካሚዎች ያሉበት ጥናት ነበር፣ ሜቶፕሮሎል በዕለቱ በከፍተኛ መጠን ተጀምሮላቸው ድንገተኛው የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ቀነሰ፣ ስትሮኩና ሞቱ ግን ጨመረ። የቀበናው፣ አንተ ስላለፍክ እንጂ...

የቀበናው

እሺ ተቀበልኩ። ባለቤቴም ዛሬ ነው ያወቀችው፣ ክኒኗን ደብቃለች።

የመንታ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰመመን ሰጪው፣ አዎ! ጣቶቼ ነዝረውኝ ነበር፣ ትንሿ ጣቴ በተለይ። አየር የሚያጥረኝም መስሎኝ ነበር፣ ግን ማንም ስላልጠየቀኝ ከፍርሃት ነው ብዬ ትቼው ነው። ራሴን ስቼ አላውቅም፣ ቤተሰብም እህቴን ጠይቄያት እንደዚያ የሞተ የለም።

ትናንት የወለድኩበት ሄጄ ካርዴን አስፈለግኩ። ሁለት ጊዜ «የለም» አሉኝ፣ በሦስተኛው ማኅደር ክፍል ያለችው ልጅ አዝናልኝ አገኘችው። በስልኬ አነሳሁት። ግፊት 70/40፣ ምት 38፣ አትሮፒን 0.5 ሚሊግራም፣ ከዚያ ምት 124 ይላል።

ሰመመን ሰጪው

ትንሿን ጣትሽን መንዘሩ ማደንዘዣው እስከ ደረትሽ የላይኛው ጫፍ ወጥቶ እንደነበር ያሳያል። ከምቱ መውረድ ጋር ልክክ ይላል። አትሮፒኑ አንዴ ተሰጥቶሽ ምቱ መመለሱም ጥሩ ነው።

ስለ አሁኑ ልንገርሽ፣ እዚህም ልብሽ ሊዘገይ የሚችልበት ሰዓት አለ። በካሜራ ሲሠራ ሆድሽን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፉታል፣ ሆድ ሲወጠር ቬገስ ይነቃል፣ ምቱ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ጋዙን ማስተንፈስ፣ አትሮፒን መስጠት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንደገና መንፋት ነው። እኔ ብሆን ያንቺን ወረቀት ካየሁ መድኃኒቱን መርፌ ውስጥ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፣ ሐኪሙንም «ቀስ ብለህ ንፋ» እለዋለሁ። የመተንፈሻው ቱቦ ጉሮሮሽ ሲገባ ደግሞ በተቃራኒው ሊፈጥን ይችላል። ያኔ አንቺ ተኝተሻል።

ኢሲጂ (የልብ ምትን ወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ) አስነሺ፣ ርካሽ ነው። የልብ አልትራሳውንዱን ሐኪሙ ካላዘዘሽ በራስሽ ገንዘብ አታባክኚ። ወረቀቱን ለቀዶ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ማደንዘዣ ለሚሰጥሽ ሰው በእጁ ስጪው። ስለ ጣትሽም ንገሪው፣ እሱ ወረቀቱ ላይ የለም።

የመንታ እናት

ሰኞ ነው ቀጠሮዬ። ወረቀቱን አሳትሜ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጬዋለሁ፣ እዚያ የገባ ነገር አይጠፋብኝም። እህቴን ይሄን ሁሉ አነበብኩላት። አሁንም አልተዋጠላትም፣ ግን «ሆድ ሲነፋ ቀስ በሉ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ» ብላለች።