የጥሬ ወተት ፎርማጆዬ ተነፋ፣ ሸተተ! ነገ ፋሲካ ነው፣ እርዱኝ

የፒያሳዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። በጥሬ ወተት ፎርማጆ ሠርቼ ነበር። አሁን ስከፍተው ተነፍቷል። ስቆርጠው ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ በረት በረት ይሸታል። ለነገ እንግዳ ጠርቻለሁ። የአውሮፓዎቹም ይሸታሉ አይደል? ይበላል?

ጾመኛው፦ በቅዳም ሹር የፎርማጆ ወሬ! ኧረ ስለ ፈጣሪ፣ አንጀታችንን ተዉት።

የአራዳ እናት፦ ልጄ፣ ዕቃውን በወይራ አጥነሽዋል? ያልታጠነ ዕቃ ወተት አይዝም።

የፒያሳዋ፦ እማማ፣ የፕላስቲክ ዕቃ እኮ ነው። እንዴት ይታጠናል?

ላብራቶሪው፦ እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። የጥሬ ወተት ፎርማጆ ጠረን በአብዛኛው የጀርሞች ሥራ ነው። ከላሟ ጡት፣ ከአላቢው እጅ፣ ከዕቃው፣ ከአየሩ ይገባሉ። ላክቶኮከስ የሚባለው ጀርም የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣል። ሌውኮኖስቶክ ወተቱ ውስጥ ካለው ሲትሬት ከሚባል ንጥረ ነገር ዳይአሴቲል ያወጣል፤ ያ የምንወደው የቅቤ ሽታ ነው። ብሬቪባክቴሪየም ደግሞ ቆዳው ላይ ያድግና ድኝ ያለባቸው ውህዶች ይፈጥራል፤ የካልሲ ሽታ የምትሉት እሱ ነው። ወተቱ በሙቀት ሲታከም አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ ከውጭ የሚጨመሩት ጥቂት ዓይነት ናቸው። ጠረኑ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ፈረንሳዮች ኮንቴ የሚሉትን ፎርማጆ እስከ ዛሬ በጥሬ ወተት የሚሠሩትም...

የፒያሳዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይበላል አይበላም?

ቆጣሪው፦ ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም። የሚሸት ሁሉ አንድ ነው እንዴ? የካልሲው ሽታ በሳምንታት ቀስ እያለ ከቆዳው ነው የሚመጣው። ያንቺ ስንት ቀኑ ነው? ወተቱ መቼ ታለበ? ምኑንም አልነገርሽን!

የፒያሳዋ፦ ሐሙስ ነው የሠራሁት። ወተቱ ከሱሉልታ ነው የሚመጣልኝ፣ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ቆይቷል።

የአራዳ እናት፦ ወይራ ነው የጎደለው።

ወተት ቤት፦ እህቴ፣ ጣይው። ገና በሁለት ቀኑ ከተነፋ ብዙ ጊዜ ኮሊፎርም የሚባሉት ናቸው። ከእበትና ካልታጠበ እጅ ይገባሉ፣ ጋዝ ያወጣሉ። ብጠብሰው ይድናል እንዳትዪ። የፍሪጁም ነገር አለ። ሱዶሞናስ የሚባሉት ብርድ ይወዳሉ። እነሱን በሙቀት ብትገድያቸውም ኢንዛይማቸው ይቀራል፣ ፎርማጆው ይመርራል። ሌላ ጊዜ በታለበበት ቀን ሥሪው። 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆይው፣ ወደ 30 ዲግሪ ሲወርድ ከተፈላ ወተት የረጋ፣ መዓዛው ጥሩ የሆነ እርጎ ጠብ አድርጊበት። ከዚያ ወተቱን የሚያረጋውን ሬኔት።

ቆጣሪው፦ እንግዲያው ጥሬነቱ የት ቀረ? ጋሼ አሁን ሲያደንቁት አልነበር?

ወተት ቤት፦ እዚያ ላሞቹ ይመረመራሉ፣ ኮንቴውም ለወራት ይበስላል። እዚህ ከየት እንደታለበ በማናውቀው ወተት፣ ያውም በሦስተኛው ቀን? ብሩሴላ የሚባለው የከብት በሽታ ጀርምም የከብት ቲቢም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጠረን ብለን አልጋ ላይ እንዋል?

ላብራቶሪው፦ በዚህ እስማማለሁ። እማማም አልተሳሳቱም፤ የወይራ ጭስ አንዳንድ ጀርሞችን ይገታል፣ ለእርጎውም መዓዛ ይሰጠዋል። ለበሽታ ግን ዋስትና አይሆንም።

የአራዳ እናት፦ አላልኳችሁም!

ጾመኛው፦ እኔም ቁም ነገር ልናገር። አሬራ ፈልጊና በቀስታ አሙቂው፣ ሲቋጥር አጥልይው፣ አይብ ሆነልሽ። ከዶሮ ወጥ ጋር ፎርማጆ ማን ይጠይቅሻል? ዶሮ አለ አይደል?

ቆጣሪው፦ ደግሞ ይጠራጠራል!

አዲስ ገቢ፦ ከርዕስ ልውጣና፣ ሬኔት ፒያሳ አካባቢ የት ነው የሚገኘው?

ጾመኛው፦ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ አንብበህ?