የዕፅዋት በሽታና የሰብል ሳይንስ ስብስብ፦ ከየት ይጀመር? (ደሴ)

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላለ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የዕፅዋት በሽታና የሰብል ሳይንስ መደርደሪያውን እንደ አዲስ ልናደራጅ ነው። ያለን ባብዛኛው አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በብዙ ቅጂ ነው። ተማሪ የታመመ ቅጠል ይዞ ሲመጣ የሚያመሳክርበት የለም። በጀቱ በምን ላይ ይዋል? በዲዊ (መጽሐፍ በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚመደብበት ሥርዓት) ስንመድብ ደግሞ የበሽታ መጽሐፍ በየመደርደሪያው ይበታተንብናል፤ መፍትሔ አለው? ክረምት ላይ ሻጋታውም አላስቀመጠንም።

ቦርከና፦
አብሽር፣ ከበጀቱ ማነስ ይልቅ አገዛዙ ነው የሚያከስረው። ከአሳታሚ ዝርዝር አትነሡ፣ ከሰብል ተነሡ። ደጋው ላይ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ምስር አለ፤ ወደ ኮምቦልቻና ቃሉ ሲወረድ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ። ሰብሎቹን በቁመት ጻፉ፤ በአግድም ደግሞ የበሽታ መለያ፣ የተባይ፣ የአመራረት፣ የዘርና ዝርያ ብላችሁ ሠንጠረዥ ሥሩ። ያላችሁን ሙሉበት። ባዶ የቀረው ሣጥን የግዥ ዝርዝራችሁ ነው።

ለጠቅላላ ትምህርቱ የአግሪዮስ የዕፅዋት በሽታ መማሪያ መጽሐፍ 5ኛ እትም (2005 እ.ኤ.አ.) አሁንም ያገለግላል፤ ለ60 ተማሪ 6 ቅጂ ይበቃል፣ ሁለቱ ሪዘርቭ (እዚያው ብቻ የሚነበቡ) ይቀመጡ። የተረፈው ብር የአሜሪካ የዕፅዋት በሽታ ማኅበር ለየሰብሉ ወደሚያሳትማቸው መለያ መጻሕፍት ይሂድ፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ለየአንዳንዳቸው 2 ቅጂ፣ ውሰት የሌለው። እነዚህን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማባዛት ከንቱ ነው። ለምሳሌ ዋግ የሚባለውን የስንዴ የፈንገስ በሽታ ውሰዱ፦ የቅጠል ዋግ ብርቱካንማ ቡኒ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተበታትኖ ይወጣል፤ ቢጫ ዋግ ባደገ ቅጠል ላይ ጅማቱን ተከትሎ ይሰለፋል፣ በቡቃያ ላይ ግን ሰልፉ አይታይም። ቀለሙ ጠፍቶ ግራጫ ነጠብጣብ ብቻ ከቀረ ቡቃያውን በምን ትለዩታላችሁ?

የጨረታ ሰነዱ ላይ ባለ 13 አኃዝ አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር)፣ እትም፣ ዓመትና «ሥዕሎቹ ባለ ቀለም» የሚል ይጻፍ። «ወይም ተመሳሳይ» የምትለዋን ሐረግ አውጧት፤ አሮጌ እትም ወይም ጥቁርና ነጭ ሕትመት የሚገባው በእሷ በር ነው። ዝርዝሩ እስከ መስከረም ግዥ ክፍል ካልገባ ከውጭ የሚመጣውን የበጀት መዝጊያው ሰኔ 30 ይቀድመዋል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የቆየ ዋጋ ማቅረቢያ አይታመንም። ዝርዝሩን በቅደም ተከተል አዘጋጁት፣ ዋጋ ሲንር ከታች ይቆረጣል።

ካታሎገሯ፦
መበታተኑ የእናንተ ስሕተት አይደለም፣ ዲዊ ራሱ የሚለው ነው። 632 ስለ በሽታና ተባይ በጠቅላላው ለሚያወራ መጽሐፍ ነው፤ የአንድ ሰብል በሽታ ግን ከሰብሉ ጋር ይሄዳል፦ ስንዴ 633.11፣ ማሽላ 633.174። በሌላው ሥርዓት፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ምደባ፣ ጠቅላላው ኤስቢ 731 አካባቢ፣ የየሰብሉ ኤስቢ 608 ሥር ተሰብስቦ ይገኛል። ለዚህ ብላችሁ ግን ሙሉውን ስብስብ እንደገና አትመድቡ፤ የወራት ሥራ ነው፣ መሀል ላይ ከቆመ ደግሞ ሁለት ሥርዓት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

መድኃኒቱ ካታሎጉ ውስጥ ነው። ኮሃ (የካታሎግ ሶፍትዌሩ) ላይ እያንዳንዱ መጽሐፍ በመስክ 650፣ በርዕሰ ጉዳይ ቦታው፣ ሰብሉንም በሽታውንም ይያዝ። በ653፣ በነጻ ቃላት ቦታው፣ ደግሞ ተማሪው የሚያውቀውን ስም ጨምሩ፦ ዋግ፣ አረማሞ፣ ቆርምድ። አቀንጭራ ጥገኛ አረም ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ተማሪው ግን ከበሽታ መሀል ስለሚፈልገው ስሙ እዚያም ይግባ። የፈንገስ ስም ይለዋወጣልና በኦቶሪቲ መዝገቡ (የጸደቁ ስሞች መዝገብ) መስክ 450 ላይ የድሮውን ስም አስገቡ። ስካልድ የሚባለው የገብስ ቅጠል በሽታ አምጪ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሪንኮስፖሪየም ሴካሊስ ይባል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሪንኮስፖሪየም ኮሚዩን ተብሏል። ሁለቱ ካልተያያዙ አሮጌው መጽሐፍ ባዲሱ ስም ለሚፈልግ ሰው የለም ማለት ነው። መደርደሪያ 632 ላይም «የስንዴ በሽታ፦ 633.11 ይመልከቱ» የሚል ጠንካራ ካርድ አቁሙ።

የአገር ውስጥ ጽሑፍ ስትመዘግቡ ዘመኑን ተጠንቀቁ። ሽፋኑ ላይ 2006 ካለ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ሳይጣራ የኅትመት ዓመት በሚገባበት መስክ 008 ከገባ ጽሑፉ በ7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል።

ማሳ ቆጣሪ፦
ቦርከና የረሳው አለ። የውጭ መጽሐፍ ስለ ጤፍ በሽታ የሚለው ከአንድ አንቀጽ አያልፍም። ከስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምርና ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የሚወጡ የጉባኤ ጥራዞችና መመሪያዎች እዚህ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ብዙዎቹ ገበያ ላይ አይሸጡም፤ በደብዳቤ ይጠየቃሉ፣ እጃችሁ ሲገቡም ያኔውኑ ጠርዟቸው። ሣርና የሣር ወገን አረም ለመለየት የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መድብል 7ኛ ቅጽ (1995 እ.ኤ.አ.) የግድ ነው።

መጽሐፍ ስታስወግዱም በዕድሜ ብቻ አትፍረዱ። የበሽታ ምልክትና የስፖር (የፈንገስ መራቢያ ቅንጣት) ሥዕል ቶሎ አያረጅም። የሚያረጀው የዝርያና የመድኃኒት ምክር ነው። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ተመታ። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ የተስፋፋው ሌላው ዝርያ ዲገሉ ደግሞ በ2013/14 እ.ኤ.አ. በግንድ ዋግ አለቀ። ከዚያ በፊት የወጣ የዝርያ መመሪያ ሽፋኑ ላይ «የዝርያ ምክሩ ያለፈበት» የሚል ይለጠፍበት እንጂ አይጣል፤ ለታሪኩ ይፈለጋል።

ለመጽሔት ብር አታውጡ። የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) የግብርና መጽሔቶች ክምችት አጎራ፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው መድረክ በኩል ለኢትዮጵያ ተቋማት ነጻ ነው፣ ተቋሙ መመዝገብ ብቻ ነው ያለበት። የይለፍ ቃሉ ግን ቴሌግራም ላይ አይለቀቅ፤ በጅምላ ማውረድ ከታየ ተቋሙ በሙሉ ይዘጋበታል። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዲያገለግል ግቢው ሰርቨር ላይ የሚቀመጠው በክፍት ፈቃድ የወጣው ነው፤ የዓለም አቀፍ ግብርና ምርምር ማዕከላት የኢንተርኔት ማኅደር በሆነው ሲጂስፔስ ላይ ያለው ብዙው እንዲህ ያለ ነው፣ የእያንዳንዱን ፈቃድ ግን ሳታዩ አትጫኑ።

ጦሳ ሥር፦
እግዜር ይስጥልን። ሻጋታውስ? ቅጠል ይዞ የሚገባውን ተማሪስ?

ካታሎገሯ፦
ርጥበት መለኪያ ስቀሉ፤ ከ60 በመቶ እንዳያልፍ፣ 65 ካለፈና ከሰነበተ ሻጋታው ይጀምራል። መደርደሪያው ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ የታችኛው ርብራብ ከወለል 15 ከፍ ይበል። የሻገተውን ከሌላው ለዩትና ነፋሻ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ውጭ ሆናችሁ ማስክ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ሻጋታውን ወረቀቱ ውስጥ ያስገባዋል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ቀለሙ ይለቃል።

እነዚያ ባለ ቀለም መጻሕፍት ወረቀታቸው አንጸባራቂ ነው፤ ውኃ ከነካቸውና እንደተዘጉ ከደረቁ ገጾቹ እንደ ጡብ ይጣበቃሉ፣ ማላቀቂያም የላቸውም። እርጥብ ሳሉ በየገጹ መሀል የሰም ወረቀት ይግባ፤ ጊዜ ከሌለ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቷቸው።

ቅጠሉ ከበሩ አይለፍ። መግቢያው ላይ ጠረጴዛ፣ አጉሊ መነጽርና የመለያ መጽሐፉ አንድ ቅጂ ይቀመጥ። ለናሙና የሚቀር ከሆነ በጋዜጣ መሀል ተጭኖ፣ ጋዜጣው ለመጀመሪያ 3 ቀን በየቀኑ እየተቀየረ ይድረቅ። ሲደርቅ በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ ነፍሳቱ ይሞታሉ። ከፍሪዘር ሲወጣ ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱት፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዝና ልፋቱ ከንቱ ይቀራል።