ታይላንድ ተራራ ላይ ያለውን የቡድሃ ገዳም ብንጎበኝ ምን እንጠንቀቅ?

ጠያቂ፣ ከሱሉልታ

ከጓደኛዬ ጋር በኅዳር መጨረሻ ለዕቃ ግዢ ወደ ባንኮክ እንሄዳለን። ግዢያችንን ስንጨርስ ወደ ሰሜኗ ከተማ ወደ ቺያንግ ማይ ተሻግረን፣ ከከተማዋ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዶይ ሱቴፕ ተራራ ላይ የሚገኘውን የቡድሃ ገዳም እንድናይ ጓደኛዬ አጥብቃ ትፈልጋለች። ሁለታችንም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ነን፤ እናቴ ወሬውን ስትሰማ «ጣዖት ቤት ምን ልትሠሪ?» ብላ ተቆጥታኛለች። እዚያ የሚፈጸመው ሥርዓት ምን ይመስላል? ማንንም ሳናስቀይም ከሥርዓቱ መራቅስ ይቻላል? ጓደኛዬ ጉልበቷን ስለሚያማት የመውጫው ነገርም ያሳስበኛል።

መልስ፣ ከለገጣፎ

ቦታውን አይቼዋለሁ። ለሱሉልታ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን ገዳሙ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የሚያደክመው ወበቁ ነው፤ ደግነቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ለዚያ አገር ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ነው። ከየካቲት እስከ መጋቢት ቢሆን ኖሮ ገበሬው ማሳ የሚያቃጥልበት ጊዜ ስለሆነ ከተማዋ በጭስ ተሸፍና ከላይ አትታይም ነበር። ከተራራው ግርጌ ከኋላቸው ግራና ቀኝ መቀመጫ ያላቸው ቀያይ ፒክአፖች ይነሣሉ፤ እንደ እኛ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። የሚጓዙበትን መንገድ በ1935 እ.ኤ.አ. ክሩባ ሲዊቻይ የተባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስተባብረው ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ያሠሩት ነው። ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ከ300 በላይ ደረጃ ይጠብቅዎታል፤ ለጓደኛዎ ግን በጥቂት ገንዘብ ሽቅብ የሚያወጣ በገመድ የሚሳብ ማመላለሻ አለ።

የደረጃው መደገፊያ ግራና ቀኙ ቅርፊታቸው በአረንጓዴ ሸክላ የተለበጠ ረጃጅም እባቦች ናቸው፤ ራሳቸውን ከታች ቀና አድርገው ይቀበላሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ያስደነግጣል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን እባቡ ጠባቂ ነው። ከላይ በወርቅ የተለበጠው ሾጣጣ ሕንፃ ቆሟል። በትውፊታቸው የቡድሃን ቅሪተ አካል በጀርባው የተሸከመ ነጭ ዝሆን ተራራውን ወጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ጮኾ እዚያው ስለሞተ ነው ቦታው የተመረጠው ይላሉ።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ጫማ ማውለቁን ከቤተ ክርስቲያን ያውቁታል። ስትቀመጡ እግራችሁ ወደ ምስሉ አይዘርጋ። ሴት መነኩሴን መንካት የለባትም፤ መስቀል ለመሳለም አባቶችን እንደምንቀርበው አይቅረቡ። ሰዎቹ አበባ፣ ሻማና ዕጣን ይዘው ሾጣጣውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ ጎብኚ ዳር ቆሞ ቢያይ የሚያስገድደው የለም። ወደ ውስጥ ገብተው ከመነኩሴው ፊት ከተቀመጡ ግን ውኃ ይረጫሉ፣ ነጭ ክርም በእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። ማዕተብ በአንገቱ ያለ ሰው ያን ክር ከማሰሩ በፊት ሊያስብበት ይገባል፤ ካልፈለጉ ቀድሞውኑ አለመቀመጥ ይሻላል።

መልስ፣ ከእንጦጦ ግርጌ

ማየትና ማምለክ አንድ አይደሉም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና የሚያመልኩትን ሁሉ እየተመለከተ እንዳለፈ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ተጽፏል። ለምግቡም ቢሆን በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ወሰኑን አስቀምጦታል፦ የቀረበላችሁን ብሉ፣ ለጣዖት የተሠዋ ነው ካሏችሁ ግን ተዉት። ስለዚህ ዕጣኑን አታጢሱ፣ አትስገዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። እናትዎም ከእርስዎ ይልቅ የእርሳቸውን ቃል ይሰማሉ።

መልስ፣ ከቡራዩ

ጳውሎስ አቴና የሄደው ለሽርሽር ሳይሆን ለስብከት ነው፤ ጥቅሱን ለጉብኝት መንገድ መጥረጊያ አናድርገው። እኔ ብሆን ቺያንግ ማይ ድረስ ሄጄ ከደረጃው ሥር ጓደኛዬን እጠብቃት ነበር። የምትገቡ ከሆነም በምስሉ ፊት እየተሳሳቁ ፎቶ መነሣቱ ይቅር፤ የሰው ማምለኪያ ነው።

ጠያቂ፣ ከሱሉልታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከነፍስ አባቴ ጋር እነጋገራለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ የምንሄደው የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው፤ ምን እንበላለን?

መልስ፣ ከለገጣፎ

አትክልት ብቻ ነው ተብሎ የሚቀርበው ምግብ ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣ የተሠራ ጨዋማ ፈሳሽ ይጨመርበታል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንክፈተው።) ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ የሰቀሉ ምግብ ቤቶችን ፈልጉና «ጄ» በሏቸው፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የሌለበትን ያቀርባሉ።