ሱዋን ዛኦ ረን የሚባለውን የቻይና የእንቅልፍ ዘር ለእማዬ ልላክላት?

ብሌን፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ጓንግዡ ነው ያለሁት። አባዬ ካረፈ ዘጠኝ ወር ሆነው፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ እማዬ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትነቃና እስኪነጋ ስትገላበጥ ነው የምታድረው፣ በቪዲዮ ሳያት አይኗ ጎድጉዶ አንጀቴን ነው የምትበላው። እዚህ ዕቃ የምረከባት ቻይናዊት ሴትዮ ስነግራት በማግስቱ በላስቲክ ዘር ይዛልኝ መጣች፣ ሱዋን ዛኦ ረን ይባላል፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላ የሚያብረቀርቅ ከምስር ተለቅ የሚል ነገር ነው፣ እናቷ ለዓመታት አፍልታ ስትጠጣው እንደኖረች ነው የነገረችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ የሚገባ ሰው አለ። እማዬ የግፊት ኪኒን ትወስዳለች፣ ሐኪም ደሞ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት አዞላታል። የምታውቁ ካላችሁ ልላክላት ወይስ ይቅር?

ሄኖክ ከቲያንጂን፦
ብሌን እግዜር ያጽናሽ፣ ለእናትሽም መጽናናቱን ይስጥልን። እኔ እዚህ የቻይና ባህል ሕክምና ነው የምማረው፣ ሴትዮዋ ያለችሽ እውነት ነው፣ ዘሩ የታወቀ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። የሚገኘው በሰሜን ቻይና ደረቅ ኮረብታ ላይ ከሚበቅል እሾሃማ የዱር ቁጥቋጦ ነው፣ ሄበይ ውስጥ በደንብ አለ፣ ፍሬው ትንሽና ጎምዛዛ ስለሆነ ነው ሱዋን ማለትም ጎምዛዛ የተባለው፣ መድኃኒቱ ግን ሥጋው ሳይሆን ጠንካራው ድንጋዩ ተሰብሮ የሚወጣው ዘር ነው። ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ የነበረው ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ ይሄን ዘር ከሌሎች አራት ዕፅዋት ጋር ቀምሞ ሰውነታቸው ደክሞ ልባቸው እየተረበሸ መተኛት ላቃታቸው ሰዎች ያዘዘው መድኃኒት እስከ ዛሬ ይታዘዛል። አዘገጃጀቱ ልክ ተልባ እንደሚታመሰው ነው፣ በለስላሳ እሳት ያለ ዘይት እስኪያብጥና ሽታው እስኪወጣ ይታመሳል፣ ሊፈላ ሲል ነው የሚወቀጠው፣ ሳይወቀጥ ከፈላ ውስጡ ያለው አይወጣም። የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መጽሐፍ የሚለው መጠን በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ነው።
ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ መምህሮቻችን ምላስ ሳያዩ፣ የእጅ ትርታ ሳይዳስሱ አያዙም፣ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ነው የሚሉት፣ ሌሊት የሚያልበውና ልቡ የሚመታው ሌላ፣ ሆዱ ተነፍቶ የማይተኛው ሌላ። እናትሽን ደሞ ማንም አላያቸውም። ለዚህ ነው እኔ ሰው አስይዤ ባልልክ የምመርጠው።

ፋርማሲስቷ፦
እኔ ደሞ ከመድኃኒቱ አንጻር ልናገር። አሚትሪፕቲሊን ራሱ ያስተኛል፣ ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ራስ ያዞራል፣ ይሄ ዘርም የሚያረጋጋ ነገር አለው፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል፣ ሁለቱ ላይ የግፊቱ ኪኒን ሲጨመር እናትሽ ሌሊት ሽንት ቤት ሲነሱ እንዳይወድቁ ነው የምሰጋው፣ በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪማቸው ሳያውቅ እንዳይጀምሩ። የተፈጨ ወይም በካፕሱል የታሸገ ነገርማ ጨርሶ እንዳትልኪ፣ በ1998 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዕፅዋት ብቻ ነው ተብሎ ይሸጥ የነበረ የእንቅልፍ ካፕሱል ውስጥ ኤስታዞላም የሚባል በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሰጥ ማስተኛ አግኝቶበታል። ሻጋታም አለ፣ ዘር እርጥበት ካገኘ ይሻግትና አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊያፈራ ይችላል።
ሌላው፣ በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ መሰጠት ያለበት ኪኒን ሳይሆን የባህሪ ሕክምና ነው ብሏል። እቤት የሚጀመርም አለው፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነስቶ ቁጭ ማለት፣ ቀን አለመተኛት። ቡናውንም ጠይቂልኝ፣ ለቅሶ ቤት ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይፈላል፣ እናትሽ ከሰዓት በኋላ ስንት ስኒ እንደሚጠጡ ማን ይቆጥራል?

የቆቦው ልጅ፦
ዱባይ ነው ያለሁት። ይሄ ነገር የኛ ቁርቁራ አይደል እንዴ? እዚህ አረቦቹ ሲድር ይሉታል፣ በቅጠሉ ፀጉር ይታጠቡበታል፣ እኛ አገር ፍሬውን ስንበላ ነው ያደግነው። ያው ከሆነ ለምን ከቻይና ይላካል፣ ከገበያ ገዝተው ዘሩን ያፍሉላት።

ሄኖክ ከቲያንጂን፦
ወንድሜ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ አይደሉም። ቁርቁራ በዚሁ ወገን ያለ ሌላ ዛፍ ነው፣ በዘሩ ምትክ እንዳይጠቀሙ አደራ። እዚህ ራሱ ትልቁ ማጭበርበሪያ ይሄው ነው፣ የዋናው ዋጋ ስለተወደደ ከዩናንና ከምያንማር የሚመጣ የሌላ ዘመዱን ዘር እየቀላቀሉ ይሸጣሉ። ዋናው ወይን ጠጅ ወደሚመስል ቀይ ያደላል፣ ብዙውን ጊዜ በጠፍጣፋው ጎኑ መሃል ለመሃል ከፍ ያለ መስመር ይታይበታል፣ የውሸቱ ቢጫ ቡናማ ነው። ብሌን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተሽ እያቸው።

ብሌን፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ አንብቤ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ለእህቴ ደወልኩላት፣ ለካ እማዬ አሚትሪፕቲሊኑን ራሷን ሲያዞራት አንድ ቀን ትውጠዋለች አንድ ቀን ትተወዋለች፣ ለማንም አልተናገረችም። ሐሙስ ሐኪሟ ጋር ይዛት ትሄዳለች፣ የዘሩንም ስም በወረቀት ጽፌላታለሁ። ቡናው ደሞ ከሰዓት ብቻ አምስት ስኒ ደርሷል፣ አባዬ በነበረ ጊዜ አብረው የሚጠጡበት ሰዓት ስለሆነ መተው አቃታት፣ እኔ በዛ ሰዓት በየቀኑ ልደውልላት ወስኛለሁ። ዘሩን አልልክም። ወረቀት ላይ ስዘረጋው ግን ቢጫ ቢጫ የሆኑ አግኝቼበታለሁ፣ ሴትዮዋም ሳታውቅ ለእናቷ እየገዛችላት እንዳይሆን፣ ነገ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስቼ እለጥፈዋለሁ፣ ሄኖክ አይተህ ንገረኝ።